መገኛ

ሥራዬ ስም መጻፍ ነው፤ በቀጭን ብዕር፣ በጥቁር ቀለም፣
አራት ኪሎ፣ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ዓለም።
መደርደሪያው ላይ ጠርሙስ፣ ጠርሙሱ ውስጥ እንቁራሪት፣
እግሯን እንደ ዘረጋች፣ ዋና መሐል የያዛት የማይነጋ ሌሊት።
እግሯ ላይ ክር አስሬ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ ስም፣ ቀን፣ መገኛ፤
ቀሪውን እሷ ታውቃለች፤ ምን ይጨመራል በእኛ?

ሃያ ሁለት ዓመት አገሬን ያየኋት እንዲህ ነው፤ ከወንበሬ ሳልነሣ፣ ሳልሄድ፣
ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ደጋውን ስወጣ፣ ቆላውን ስወርድ።
ከባሌ አናት የመጣችው፣ አውራ ጣቴን የማታክል፣
በአስታ ሥር፣ በራሰ ሣር ላይ እንቁላሏን የምትተክል፤
የሲዳማዋ፣ የእንሰት ቅጠል ከግንዱ በሚገናኝበት ጎድጓዳ፣
አንዲት ስኒ በማትሞላ ዝናብ የምታድር እንደ እንግዳ፤
የከፋዋ፣ የዛፍ ላይዋ፣ ጣቷ ጫፍ ክብ ማኅተም ያለበት፣
የረገጠችውን ቅጠል ሁሉ የምትፈርምበት፤
የአዋሹ ጉርጥ፣ ወራት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ፣ ምንም ሳይቀምስ፣
አንድ ደመና ሲያጉረመርም «አቤት» ብሎ ብድግ የሚል፣ አፈር ሲያራግፍ፣ ዓይኑን ሲያብስ።
ብዙዎቹ ከዚህ አፈር በቀር በዓለም ሌላ ቤት የላቸው፤
ስምጥ ሸለቆው ከከፈላቸው ወዲህ የማዶ ዘመድ የማያውቃቸው።

ተረቱ አንዷን ብቻ ነው የሚያውቃት፤ «ዝሆን አክላለሁ ብላ ፈነዳች» ነው የሚለው፤
እኔ የማውቃቸው ግን ሁሉም የሞቱት ራሳቸውን አክለው።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ አባርቶ፣ አመሻሽቶ፣
ካዛንቺስ፣ ሰፈሬ በነበረው ቦታ፣
ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ አንድ ድምፅ ጮኸ፣ ጉሮሮውን ሞልቶ።
ቆምኩ። ስማቸውን ስጽፍ ኖሬ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅማ፤
አልኮል ውስጥ የሚጮህ የለማ።
ዘበኛው ኦልጅራ በሩን ገርበብ አድርጎ ጠየቀ፤
«ምን ጠፍቶብህ ነው?» ነገርኩት። ሳቀ። ግን መንገድ ለቀቀ።

ጉድጓዱ ሦስት ፎቅ ወደ ታች ነው፤ ብረት ቆሞበታል፤
ክረምቱ ሳይጠየቅ ገብቶ ሐይቅ አድርጎታል።
«ስድስት ናቸው» አለ፤ «አንዱ ይጀምራል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤
ሌሊቱን የሚያጫውቱኝ እነሱ ናቸው፤ ሌባ ከገባ ዝም ይላሉ።
ሰኞ ፓምፕ ይመጣል፤ ከዚያ ሲሚንቶ።» ባትሪውን አጠፋ፤
ስድስቱም ጮኹ። ጆሮዬ ሰፋ።

እሑድ ቦቲ ተውሼ ወረድኩ፤ አምስቱ ከእጄ አመለጡ፤
አንዷን በሃይላንድ ጠርሙስ አስገባኋት፤ ወርቃማ ዓይኖቿ አፈጠጡ።
የት ልውሰዳት? ቀበና የሳሙና አረፋ ለብሷል፤
ግንፍሌ የጋራዥ ዘይት ይፈሳል።
ፍል ውኃ ድልድይ ላይ ቆሜ ባንትይቀጡን አየሁት፤ ዳሩ ተነጥፏል፣ አበባ ተተክሏል፤
ያምራል። ለእንቁራሪት የሚሆን ጭቃ ግን ከየት ይገኛል?
ከኮቴ ሥር እንደ ደበቅኳት ታክሲ ውስጥ ሁለቴ ጮኸች፤
ረዳቱ «ስልክህን አንሣ እንጂ!» አለኝ፤ አጠገቤ ያለች ልጅ ሳቀች።

ማታ ምድር ቤት ወረድኩ። ባዶ ጠርሙስ አለ፤ አልኮሉም ቀርቧል፤
ቀኑን ጻፍኩ። መገኛው ጋ ስደርስ ብዕሩ ቆሟል።
ካዛንቺስ ልበል? የቱን? የእማማ ሙሉእመቤትን ጓሮ? የሰንበቶን ልብስ ስፌት ቤት?
ልጅ ሆነን የዘለልነውን ቦይ፣ እነሱም ሲዘሉ የኖሩበት?
ካርታው ላይ የለም።
ከግቢው ጥግ፣ አሸንዳው ሥር፣ ከዛገው በርሜል ውስጥ ለቀቅኳት፤
«ለጊዜው ነው» አልኳት፣ እኛን ሲያስነሡን እንዳሉን፤ ሌላ ምን ልበላት?

ሰኞ ማለዳ ኦልጅራ ደወለ። ፓምፑ ገና አልደረሰም።
«ዝም አሉ» አለኝ።
ሌላ ነገር አልጨመረም።